ደብረ ሲና ማርያም፦ የጎርጎራዋ ባለ ሣር ክዳን ደብር

ጤና ይስጥልኝ፣ የቻናላችን ቤተሰቦች። ዛሬ የምንሄደው ከጎንደር በስተደቡብ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ጎርጎራ ነው፤ ጉዳያችንም ክቧ፣ ባለ ሣር ክዳኗ ደብረ ሲና ማርያም ናት።

አሠራሯን ለመረዳት የየቤታችንን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ የቅርብ ዘመድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃል፤ ጓዳው ግን የእመቤቲቱ ነው፤ ዘው ብሎ የሚገባበት የለም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለም አይጠየቅም። ደብረ ሲናም እንዲሁ ናት። ሳሎኑ መዘምራን በጸናጽልና በመቋሚያ የሚያሸበሽቡበት ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ውስጠኛው ክፍል ቆራቢዎች የሚቆሙበት ቅድስት ነው፤ ጓዳው ደግሞ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ነው። የእናቱን ጓዳ ሳያስፈቅድ ገብቶ የተቆጡት ሰው፣ መቅደስ ለምን እንደሚጋረድ ማብራሪያ አይሻም።

ሥዕሎቹ የመቅደሱን ውጫዊ ግድግዳ ያለብሳሉ፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ቀሪውን ስለ ጎንደር አሳሳል በሠራነው ቪዲዮ ታገኙታላችሁ፤ ያልተመዘገባችሁም በዚያው ተመዝገቡ።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። ብዙዎቻችሁ «ደብረ ሲናን የሠራት ፖርቹጋላዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው» ትላላችሁ። አይደለም! ፓኤዝ ራሱም ስፔናዊ ነው፤ ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጣ ሚስዮናዊ። ያምታታችሁ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በልሳነ ምድር ላይ ያለው የማርያም ግምብ ፍርስራሽ ይመስለኛል። እርሱ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በጥርብ ድንጋይ ተሠርቶ፣ በአበባ ቅርጽ ተፈልፍሎ ያማረ ሕንፃ ነው፤ የተጠናቀቀውም ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ከሞተ በኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው አገሩ በደም ሲታመስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 «ሃይማኖታችሁ ይመለስላችሁ» የሚለውን አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚስዮናውያኑም ተባረሩ፤ ግምቡ ጠባቂ አጥቶ ፈረሰ። ሣሯ በየጊዜው የሚታደሰው ደብረ ሲና ግን ዛሬም ይቀደስባታል።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ የደብረ ሲና ሥዕሎች ጉዳይ ነው። ያሠራቻቸው መለኮታዊት እንደሆነች ይነገራል፤ የፋሲለደስ እኅት፣ ለሮም እምነት ዙፋናቸውን ያናወጡት የዚያው የሱስንዮስ ልጅ ማለት ናት።