ቀይ መብራት ላይ መኪናችሁን የያዘው ምንድን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ አሽከርካሪዎች፤

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲነሳ ወሬው ሁሉ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል የሚል ነው። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ስለማይሄድበት ጊዜ ነው። ቀይ በርቶ ከቆማችሁ በኋላ አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ መኪናውን ባለበት የያዘው ምንድን ነው? እግራችሁ ነው? ሞተሩ ነው? የታመቀ የፍሬን ዘይት ነው? ወይስ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ እንጂ የያዘው ነገር የለም? አሽከርካሪዎችን ይህን ስጠይቅ ብዙዎቹ “ቆሟል እኮ!” ይሉኛል። መቆሙንማ እኔም አያለሁ።

ከነዳጅ መኪና የመጣ ሰው ልማዱንም ይዞ ነው የሚመጣው። ማንዋል ካምቢዮ የነዳ መብራት ላይ ማርሹን ዜሮ ያደርግና የእጅ ፍሬን ይስባል። አውቶማቲክ የነዳው ደግሞ ፍሬኑን ረግጦ ይጠብቃል፤ እግሩን ካነሳ መኪናው ቀስ እያለ እንደሚሄድበት ያውቃላ። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ፍሪሲዮን የለም፣ ቆመን ሳለ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ሞተርም የለም። ጎማው ሲቆም ሞተሩም አብሮ ይቆማል። እግር ሲነሳ ቀስ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ከገጠማችሁ፣ አምራቹ የለመዳችሁት እንዳይቀርባችሁ ብሎ በሶፍትዌር የጨመረው ነው። ቴስላ በብዙ ሞዴሎቹ ክሪፕ፣ ሮልና ሆልድ የሚሉ ሦስት ምርጫዎችን በስክሪኑ ላይ አቅርቧል። በመጀመሪያው መኪናው እግር ሲነሳ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ዜሮ ማርሽ ላይ እንዳለ መኪና ልቅ ይሆናል፣ በሦስተኛው ባለበት ተይዞ ይቀራል። ያው መኪና፣ ያው ፔዳል! የሰው መኪና ተውሳችሁ ስትነዱ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

አሁን ወደ ዳገቱ እንውጣ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚያ ነው። ዳገት ላይ መብራት ሲይዛቸው ነዳጅ መስጫውን ለስለስ አድርገው በመርገጥ መኪናውን የሚያመጣጥኑ አሉ። ስሙ ያው ነዳጅ መስጫ ሆኖ ቀርቷል፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። መኪናው ወደፊትም ወደኋላም አይልም፤ ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ፣ የሚሸት የፍሪሲዮን ሸራ የለ፤ ምንም ችግር ያለ አይመስልም። ነገር ግን ባልዲ ውሃ ይዛችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቁሙ። ባልዲው ንቅንቅ አላለም፣ ክንዳችሁ ግን እየዛለ ነው። ሞተሩም እንዲሁ ነው። ሳይዞር ጉልበት እንዲሰጥ ሲገደድ ከባትሪው የሚወስደው ኃይል መኪናውን አንድ ስንዝር አያራምድም፤ ወደ ሙቀት ይቀየራል።

ሙቀቱ ደግሞ እኩል አይዳረስም። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሦስቱ የሽቦ ጥቅሎች ላይ ተራ በተራ ስለሚፈራረቅ ሁሉም ፋታ ያገኛሉ። ቆሞ ሲገፋ ግን በብዙዎቹ ሞተሮች ተራው ይቀርና ሸክሙ ባለበት ጥቅልና እሱን በሚመግቡት የኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው ክፍል) ማብሪያዎች ላይ ይከመራል። መኪናው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ሊቀንስ ይችላል። ኃይል ሲቀነስ እናንተ ያላችሁት ዳገት ላይ ነው፤ ከኋላችሁም ሰው ቆሟል።

ለዚህ የተሠራው አውቶ ሆልድ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ከቆማችሁ በኋላ እግራችሁን ብታነሱም፣ የመኪናውን ሚዛን የሚቆጣጠረው የፍሬን ክፍል ቫልቮቹን ዘግቶ የዘይቱን ግፊት እንደታመቀ ያቆየዋል። የፍሬን ሸራው ዲስኩን ጨብጦ ይይዛል እንጂ ስለማይፋተግ አያልቅም። ለመሄድ ስትረግጡ ሞተሩ በቂ ጉልበት ማምጣቱን አይቶ ይለቃል፤ መኪናው ወደኋላ አይንሸራተትም። ቆይታው ሲረዝም፣ ወይም ቀበቶ ተፈትቶ በር ሲከፈት፣ ብዙዎቹ መኪኖች ጉዳዩን ለኤሌክትሪኩ የእጅ ፍሬን ያስረክባሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። “ዝግጁ ነኝ” የሚለው ምልክትና “አሁን ይዣለሁ” የሚለው ምልክት አንድ አይደሉም፤ በብዙ መኪኖች በቀለም ይለያያሉ። የአውቶ ሆልዱን ማብሪያ ተጭናችሁታል ማለት መኪናው ተይዟል ማለት አይደለም። የያዘበት ምልክት ካልመጣ ፍሬኑን ትንሽ ጠበቅ አድርጉት፣ ምልክቱ ሲበራ እዩ፣ ከዚያ እግራችሁን አላሉ።

በአንድ ፔዳል መንዳት፣ ማለትም እግርን ከነዳጅ መስጫው በማንሳት ብቻ ፍጥነት መቀነስ የለመዳችሁስ? ይህም እንደ መኪናው ነው። በ2017 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ኒሳን ሊፍ፣ ኢ-ፔዳል የሚባለው የአንድ ፔዳል መንጃው ሲበራ እግር ስታነሱ እስከ መጨረሻው ይቆማል፤ ዳገት ላይም በራሱ ፍሬን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ የቮልስዋገን አይዲ 3 መኪኖች ግን ቢ በሚባለው የማርሽ ምርጫ ላይ ሆነው እግር ሲነሳ ፍጥነት ይቀንሳሉ እንጂ ጨርሰው አይቆሙም፤ ፍሬን መርገጥ የናንተ ድርሻ ነው። ሌላም አለ። ባትሪው 100 በመቶ ሲሞላ ወይም በጣም ሲቀዘቅዝ እግር ሲነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የሚመልሰውን ኃይል እንደ ልብ መቀበል ስለማይችል፣ ብዙ መኪና ፍጥነቱን እንደ ወትሮው አይቀንስም። ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ባደረ መኪና ከቤት ወጥታችሁ የምታገኙት የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ፍሬኑን ቀደም ብላችሁ ፈልጉት።

“ኃይል ለመቆጠብ” ብሎ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ምንም አይቆጥብም፤ ሞተሩ ቆሟል እኮ። በቆምንበት የሚበላው ማቀዝቀዣው ነው፤ 1 ኪሎ ዋት ቢወስድ በአንድ ደቂቃ 17 ዋት ሰዓት ያህል ነው፣ 100 ሜትር ገደማ የሚያስኬድ። ለዚህ ብላችሁ በሙቀት አትቀቀሉ። ፒ (ፓርክ) ላይ ማድረግም ለአጭር ቀይ መብራት አያስፈልግም። በብዙ መኪኖች ፒ ካምቢዮው ውስጥ አንዲት ጥርስ አስገብቶ ነው የሚቆልፈው፤ ከኋላ ብትገጩ ዱላው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

የፍሬን መብራት ነገርም አለ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13-ኤች መሠረት፣ እግር ሲነሳ በሞተሩ ብቻ የሚመጣው የፍጥነት መቀነስ ከ1.3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ካለፈ የፍሬኑ መብራት መብራት አለበት፤ 0.7 ካልደረሰ ደግሞ መብራት የለበትም። በመሃል ያለው ለአምራቹ የተተወ ነው። ስለዚህ ለስለስ ብላችሁ ወደ ቀይ መብራቱ ስትጠጉ ከኋላ ያለው ሰው ላያውቅላችሁ ይችላል። ከቆማችሁ በኋላ አውቶ ሆልድ ባብዛኛው የፍሬን መብራቱን እንዳበራ ይቆያል፣ የእጅ ፍሬን ግን ያጠፋዋል። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ በአንቀጽ 114 ከኋላ ያለው መኪና ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን ይዞ እግርን ማንሳት ይመክራል፤ ዓይን እንዳይወጋ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከኋላችሁ ሰው እስኪቆም ድረስ ግን መብራቱ ይብራ።

የመጨረሻው ስለ እግር ነው። አውቶ ሆልድ ይዞላችሁ እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ ካረፈ፣ መኪናውን የያዘው ፍሬን በትንሽ ጫና ይለቃል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን ገና ከዜሮ ነው የሚሰጠው። በዜብራው የሚያልፈው እግረኛ ደግሞ የመኪናችሁን ድምፅ አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚያስገድደው መኪናው ተነስቶ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ ነው፤ ቆሞ ሳለ አያስገድድም። ስለዚህ አውቶ ሆልድ ቢይዝም እግራችሁ ከፍሬኑ በላይ ይሁን፤ መርገጥ አያስፈልግም።

ውጭ ዳገቱ ላይ ሁለት መኪኖች ቆመዋል፤ አንዱ አውቶ ሆልዱ በርቷል፣ የሌላው ጠፍቷል። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን አይታችሁ ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።