ሊንክ መበተን ጥናት አይደለም
(ደሴ ላይ ለጤና ባለሙያዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የጤና ጥናት መሥራት ነው። ጥቅሙን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከከሚሴ እስከ ወልዲያ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ኢሞን ያስለመዱን እነሱ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ድምፅ ቀድታ ትልካለች።

እኔ የመጣሁት ግን አንድ ነገር ልናገር ነው። ሊንክ መበተን ጥናት አይደለም!

እናውቀዋለን እኮ። ጎግል ፎርም የሚባል የኢንተርኔት መጠይቅ ይዘጋጃል፣ ሊንኩ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ «እባካችሁ ሼር አድርጉ» ይባላል። የሚሞላው ማነው? ዋይፋይ ያለው ቢሮ የተቀመጥን እኛው ነን። ከዚያ «የወሎ ማኅበረሰብ» ተብሎ ይጻፋል። የደላንታዋ ነፍሰ ጡርስ? ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱንም ባሏ ገበያ ይዞት ወጥቷል።

ስለ አንዲት የቃሉ ልጅ ልንገራችሁ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ስለ እንቅልፍና ጭንቀት በጽሑፍ ለላክንላት ጥያቄ ዝም አለች። በድምፅ «አብሽሪ፣ ሲመችሽ ብቻ» ስላት በዚያው ሌሊት መለሰች። አሠሪዋ ከተኛች በኋላ ነው። ከድምፅዋ ጀርባ ሳህን ይንኳኳል፣ ቧንቧ ይፈሳል። ቧንቧውን የከፈተችው ስታወራ እንዳትሰማ ብላ ነው። የጠየቅናት ስለ እንቅልፍ ነበር። እሷ ስለ ወገቧ ሕመም አወራችኝ፣ ስለተወሰደባት ፓስፖርት፣ መታመሟን እናቷ እንዳትሰማ። የትኛው ፎርም ነው ለዚህ ቦታ ያለው?

ይህችኑ ልጅ ሌሎች አጥኚዎች ሳይጠይቋት ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ከተቷት። ቁጥሯ ለሁሉም ታየ። የማታውቃቸው ወንዶች በሌሊት ይደውሉላት ጀመር። ሲም ካርዷን ጣለች። እኛም አጣናት፣ ቤተሰቧም ለብዙ ጊዜ ድምፅዋን አልሰማም። የአንዷን ታካሚ ካርድ ለሌላዋ አሳይተን እናውቃለን? ታዲያ ስልክ ላይ ሲሆን ማን ፈቀደልን? ድህነቷ ነው የፈቀደልን? ስደቷ ነው?

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለየብቻ ጻፉ። ለብዙ ሰው መላክ ካስፈለገ የዋትስአፕ ብሮድካስት አለ፤ ተቀባዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ ቁጥራችሁን ሴቭ ማድረጋቸውን ብቻ አረጋግጡ። ስልኩ የጋራ ከሆነ መልእክቱ በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ። ፈቃዷን በድምፅ ተቀበሉ። የቴሌግራም ተራ ቻት እንደ ዋትስአፕ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ሚስጥር ካለ ይህን አስቡበት። የዳታ ካርድም ሙሉላት፣ ከጉሮሮዋ ቀንሳ እንዳትመልስላችሁ።

ስልክም ሁሉን አይደርስም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲገባ ኔትወርክ ጠፍቶ ስንት ቤት ወሬ እንደናፈቀ አብረን አይተናል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽኖቻችን አሁንም ያስፈልጉናል። በጀት ስትይዙ አበላቸውን አትርሱ።

ፕሮፖዛል የምትገመግሙ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተን አጥብቄ እለምናለሁ። ሊንክ ብቻ ይዞ የመጣውን መልሱት። ቁጥሯን ማን ያያል፣ ስልኩ የማን ነው፣ ውጤቱን ማን ይነግራታል ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ።