በነባር ቤት ላይ ክፍል ወይም ፎቅ ለመጨመር ማንን፣ መቼ እንቅጠር?

[ምስል፦ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ ያለ ግቢ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤትና ከጎኑ የተከመረ ብሎኬት።]

ተራኪ፦ በአዲስ አበባ መሃል ነባር ግቢ ያለው ቤተሰብ ቤቱ ሲጠበው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው የሚያውቀውን ግንበኛ ነው። ግንበኛው መጥቶ ግቢውን በእርምጃ ይለካል፤ ስንት ብሎኬትና ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ በቃሉ ይናገርና «በሁለት ወር አስረክባለሁ» ይላል። ይህን የሚለው ሊያታልል ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ የተጠየቀው ስለ አዲሱ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። ማስፋፊያን ከአዲስ ግንባታ የሚለየው ግን ነባሩ ቤት ነው። ጭነቱን የሚሸከመው፣ ሥራው ከተበላሸ የሚሰነጠቀው፣ ፈቃድ ሲጠየቅም ካርታው የሚፈተሸው እርሱ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት ነባሩን ቤት ለማስመርመር ነው፤ ግንበኛው ተራው ገና ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ።]

ተራኪ፦ ከምርመራው በፊት የሰነዱ ጉዳይ አለ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በመሃል ከተማ ብዙ ግቢዎች ተከፋፍለዋል፤ ዋናው ቤት የግል፣ ከኋላው ያለው ሰርቪስ ደግሞ የቀበሌ የሆነበት ግቢ ዛሬም አለ። በቀበሌ ቤት ላይ ተከራዩ በራሱ ውሳኔ አንድ ክፍል እንኳ መጨመር አይችልም። ይዞታው የግል ከሆነም፣ አጥሩ የከበበው ስፋትና በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት እኩል መሆናቸውን በቀያሽ ማስለካት ይገባል፤ ለዓመታት «የእኛ ነው» ሲባል የኖረው ጥግ ከካርታው ውጭ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ልኬት ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነ የሁሉም ወራሾች፣ የትዳር የጋራ ሀብት ከሆነም የሁለቱም ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ቀጥሎ ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዶ ቦታው በከተማው ፕላን ምን እንደታቀደበት መጠየቅና የፕላን ስምምነት፣ ማለትም በቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ሰነድ፣ መውሰድ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ በኋላም ካዛንቺስን ምን ያህል እንደለወጠ ያየ ሰው፣ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ መሠረት አይቆፍርም። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳውና ኮሪደሩ የጋራ ናቸውና በረንዳ ዘግቶ ክፍል ማድረግ የአንድ ሰው ውሳኔ አይደለም።

[ምስል፦ ከግድግዳ ሥር የተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ፤ አሮጌው የድንጋይ መሠረት ይታያል።]

ተራኪ፦ አሁን መጀመሪያ ወደሚቀጠረው ባለሙያ እንምጣ፤ እርሱም የቤቱን ጭነትና ጥንካሬ የሚያሰላው ስትራክቸራል መሐንዲስ ነው። ለምን እርሱ እንደሚቀድም አንድ ቀላል ሒሳብ ያሳየናል። 4 በ5 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል የሚሆን ኮንክሪት፣ ቢሞላለት 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። በፌሮ የተጠናከረ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.5 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ግድግዳው፣ ልስኑ፣ ዕቃውና ሰዎቹ ሳይቆጠሩ 7.5 ቶን በነባሩ ቤት ላይ ይጫናል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ይህን ፈጽሞ አይሸከምም። የብሎኬት ቤትም ቢሆን ኮለንና ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ፣ ከሌለው ያው ነው፤ ውጭውን በሲሚንቶ ተለስኖ ሲያዩት ግን ጠንካራ ይመስላል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከውጭ አይቶ «ይችላል» ካለዎት፣ ጥሩ ሰው ቢሆንም ሥራውን አልሠራም። ከግድግዳው ሥር ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቆፍሮ የመሠረቱን ጥልቀትና ስፋት መለካት፣ ኮለን ካለ የፌሮውን ብዛትና ውፍረት ማረጋገጥ፣ ያሉትንም ስንጥቆች መመዝገብ ይጠበቅበታል። ውጤቱ «አይችልም» ከሆነ ገንዘብዎ ባከነ ማለት አይደለም፤ ከነባሩ ቤት ጎን የራሳቸው መሠረት ያላቸው ኮለኖች አቁሞ ፎቁን በእነርሱ ላይ ማሳረፍ የተለመደ መፍትሔ ነው።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ነባሩ ቤት ለዓመታት ተቀምጦ ተረጋግቷል፤ አዲሱ ግን ገና መቀመጡ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ሙሌት ከተጣበቁ መጋጠሚያቸው ላይ መሰንጠቃቸው አይቀርም። ለዚህ ነው መሐንዲሶች በመካከላቸው ክፍተት፣ ማለትም ጆይንት፣ የሚተዉት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው ስለ ቤቱ ኮለን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቋል። የሚነቃነቅ ምድር አጠገብ እንደምንኖር ለማወቅ ያን ያህል መጠበቅ አልነበረብንም።

[ምስል፦ የወለል ፕላን፤ የደረጃው ቦታ በቀይ ተከቧል።]

ተራኪ፦ መሐንዲሱ ምን እንደሚቻል ከተናገረ በኋላ አርክቴክቱ ይቀጥላል። አርክቴክት መልክ ለማሳመር ብቻ የሚቀጠር የሚመስለው ሰው ደረጃውን ያስብ። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከፍታ ላለው ቤት፣ አንዱ እርከን ከ17 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 17 እርከን ያስፈልጋል፤ ለእግር ማሳረፊያው 28 ሳንቲ ሜትር ቢሰጠው፣ ቀጥ ያለው ደረጃ 4.5 ሜትር ያህል ርዝመት ይበላል። የእኛ ቤተሰብ ፎቅ ሲያወጣ ይህን የቆጠረ ሰው ስላልነበረ፣ ደረጃው በመጨረሻ የወጥ ቤቱን በር ዘግቶ ቆመ፤ እናቴ ዛሬም በጓሮ ዞራ ነው የምትገባው። የሴፕቲክ ታንኩ ቦታ፣ የቆጣሪው አቅም፣ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር የሮቶው ማረፊያ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚከፈተው መስኮት፣ ይህ ሁሉ በዲዛይኑ ላይ የሚወሰን እንጂ ግድግዳው ከቆመ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

የሕንፃ ሕጉ ሕንፃዎችን በምድብ ይከፍላል፤ የሚቀርበው ዲዛይንና የሚፈርመው ባለሙያ ደረጃ እንደ ምድቡ ስለሚለያይ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት ሥራዎ የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚወድቅ በክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቁ። የባለሙያውን ፈቃድ ዋናውን ይዩ፤ ዘመኑ የታደሰ መሆኑንም ያረጋግጡ። ግቢዎን ሳያይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፕላን በማኅተም አድርጎ ለመስጠት የሚቀርብ ሰው ርካሽ ነው፤ ፎቁ ሲንጋደድ ግን አያገኙትም።

[ምስል፦ የውል ሰነድ፤ በጎኑ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር።]

ተራኪ፦ ኮንትራክተሩ ወይም ግንበኛው የሚመጣው ዲዛይኑና የግንባታ ፈቃዱ ከተገኙ በኋላ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰዎች በአንድ ዓይነት የሥራ መጠን ዝርዝር ላይ ዋጋ ይሙሉ፤ ያለ ዝርዝር የተሰጠ ሦስት ዋጋ እርስ በርሱ አይነጻጸርም። ዕቃውን ራስዎ ገዝተው የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ፌሮ ሲረከቡ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ባለ 12 ፌሮ፣ ማለትም ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነው አንዱ ዘንግ 10.6 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን አለበት፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ቀጭን ነው። ዕቃው በኮንትራክተሩ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ቢጨምር ማን እንደሚሸከመው ውሉ በግልጽ ይናገር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ አንቀጽ የሌለው ውል ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። ክፍያ በቀን ቆጠራ ሳይሆን በተጠናቀቀ ሥራ ይሁን፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ኮለኑ ሲቆም፣ ሶሌታው ሲሞላ፣ ጣሪያው ሲለብስ። ከየክፍያው ጥቂት እየያዙ ሥራው እስኪፈተሽ ያቆዩ። መሐንዲሱም ቢያንስ መሠረቱና የሶሌታው ፌሮ ከመሞላታቸው በፊት መጥቶ እንዲያይ አስቀድመው ይዋዋሉ፤ ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

ቁፋሮው ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምት ቢጀመር ይመረጣል። ከነባሩ መሠረት ጎን ሲቆፈር ሙሉውን ርዝመት በአንድ ቀን መክፈት አደገኛ ነው፤ አጭር አጭር እየተከፈተ፣ እየተሞላ መሄድ አለበት። የተሞላው ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ የሶሌታው ድጋፍም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሣ።

[ምስል፦ በግድግዳ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ፤ ጫፉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀን።]

ተራኪ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ውሉን፣ የርክክቡን ሰነድና የጸደቀውን ዲዛይን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ክረምት በአሮጌውና በአዲሱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምረው ቀኑን ይጻፉ። በጥቅምት መጨረሻ ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ከሄደ፣ ለሳኝ ከመጥራትዎ በፊት መሐንዲሱን ይጥሩት።