ደረጃው ብቻውን አይውጣ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የመምህራን ማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ ለመጣችሁ፣ ሌሊቱን ወረቀት ሲያባዙ ላደሩት የጽሕፈት ቤታችን ሠራተኞችም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። ሥልጠናዎቹ ተሰጥተዋል። መጽሔታችን ዘግይቶም ቢሆን ወጥቷል። ወጣት መምህራን ተቀላቅለውናል፤ በእነሱ እኮራለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳነታረከን ነገር ልግባ። እንደ ፒሳ ባሉ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተናዎች የአገሮችን ውጤት በደረጃ የሚያስቀምጠው ሰንጠረዥ በመጽሔታችን ይውጣ ወይስ አይውጣ? አንዱ ወገን «የፒሳ ቁጥር ነው፤ እንዳለ እናትመው» ይላል። ሌላው «አገርን ከአገር በፈተና ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ከነጭራሹ እንተወው» ይላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። በሁለቱም አልስማማም።

እንተወው ለምትሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያው ፒሳ ሲሰጥ ጀርመን በንባብ 484 አገኘች። ፈተናውን የሚያዘጋጀው፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት የሆነው የኦኢሲዲ አባል አገሮች አማካይ 500 ነበር። ውጤቱ በቀጣዩ ዓመት ሲወጣ አገር ምድሩ ደነገጠ። የባሰው ደግሞ የልጁ ውጤት ከወላጆቹ ኑሮ ጋር እጅግ የተቆራኘ ሆኖ መገኘቱ ነው። በመላ አገሪቱ የጋራ የትምህርት መመዘኛዎች የወጡት፣ ሙሉ ቀን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። ንጽጽሩ ባይኖር የደሃው ልጅ ጉዳይ ይህን ያህል መነጋገሪያ ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

እንዳለ እናትመው ለምትሉ ደግሞ ሁለት አገሮችን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቲምስ በተባለው ሌላ ዓለም አቀፍ ፈተና፣ በ8ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሩሲያ 539፣ ፊንላንድ 514 አገኙ። በዓመቱ በፒሳ ሒሳብ ፊንላንድ 519፣ ሩሲያ 482። ታዲያ ማን በለጠ? ቲምስ በክፍል ደረጃ ይሄዳል፤ በሥርዓተ ትምህርቱ ያለውን ይጠይቃል። ፒሳ የ15 ዓመት ልጆችን ይወስዳል፤ የተማሩትን በኑሮ ጉዳይ ላይ ማዋል ይችሉ እንደሆነ ይፈትሻል። 500 የሚለው ነጥብም ሁለቱ ዘንድ አንድ አይደለም። አንባቢ ይህን ካልነገርነው የቱን ይዞ ሊሄድ ነው?

ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፒሳ ቬትናም በሒሳብ 511፣ አሜሪካ 481 አገኙ። ሰንጠረዡ እዚህ ላይ ያቆማል። ፈተናው የሚሰጠው ግን በትምህርት ገበታ ላይ ላሉ ልጆች ነው። ያኔ በቬትናም ናሙናው የወከላቸው ከ15 ዓመት ልጆች ሁሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጡም ነበር። የቀሩትስ? ያቋረጡት፣ ከዕድሜ እኩዮቻቸው በክፍል ወደ ኋላ የቀሩት የት አሉ? የቬትናም መምህራንን ድካም አልክድም፤ ያስተማሯቸውን በደንብ አስተምረዋል። ግን ያልተቆጠረ ልጅ አማካዩን አያወርድም። እኛ የመምህራን ማህበር ነን። ከትምህርት ቤት የወጣውን ልጅ የማያሳይ ሰንጠረዥ በእኛ ስም ወጥቶ ማየት አልፈልግም።

ደረጃውም ቢሆን ያን ያህል እርግጥ አይደለም። ፈተናው በናሙና ነውና ፒሳ ራሱ የአንድን አገር ደረጃ «ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነው» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። የእኛ መጽሔት ከባለቤቱ በላይ እርግጠኛ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚለው ይህን ነው፦ ሰንጠረዡ ይውጣ። ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ስንት ከመቶው ልጅ እንደተወከለ፣ ደረጃው ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል፣ ፈተናውም ምን እንደጠየቀ ይጻፍ። ይህ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ክፍያ ይፈልጋል። መዋጮ የከፈለው ካልከፈለው አንሷል፤ ካዝናችንን ታውቁታላችሁ።

የቀሩትንም ላንሳቸው። በዚህ ጉዳይ ረጃጅም ደብዳቤ የጻፉልን አባላት ዛሬ የሉም። ስብሰባ እየጠራን፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ስንት ጊዜ ተበተንን! በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሞግተኝ ያመሸ ወንድሜ ያንን ክርክር እዚህ ቆሞ ቢያሰማን ምን ነበረበት? ቅር ያለኝ ስለማከብራቸው ነው። ከመካከላቸው እኔን ቁጥር ማንበብ ያስተማሩኝ አሉ።

ድምፅ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። በእረፍት ሰዓት ስልካችሁን አንሱና ደውሉላቸው። ገና ይደርሳሉ። ተቃውሞም ቢሆን ይዘው ይምጡ። አሁን የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን ገንዘብ ያዣችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።