ኩባንያው ተርፎ ፋብሪካው የቀረበት ምክንያት፦ የበርክሻየር ሃታዌይ የጨርቃ ጨርቅ ዘመን

የበርክሻየር ሃታዌይ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አሜሪካዊውን ባለሀብት ዋረን ባፌትንና የኢንሹራንስ ሥራውን ነው። ኩባንያው ግን እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ጨርቅ ያመርት ነበር። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው ያንን ዘመን፣ በተለይም አዲስ ማሽን እየተገዛለት ፋብሪካው ሊድን ያልቻለበትን ምክንያት ነው።

[ምስል፦ የኒው ቤድፎርድ ወደብና የጡብ ፋብሪካዎች]

ሃታዌይ በ1888 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዓሣ ነባሪ አደን በከበረችው በኒው ቤድፎርድ ከተማ ተቋቋመ። በ1955 ከሌላ የጨርቅ ኩባንያ፣ ከበርክሻየር ፋይን ስፒኒንግ ጋር ሲዋሃድ 14 ፋብሪካዎችና 10,000 ሠራተኞች ነበሩት፤ ነገር ግን ውህደቱ ሁለት በሽተኞችን አንድ አልጋ ላይ ከማስተኛት የተለየ አልነበረም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍሉት የደቡብ ግዛቶች ፋብሪካዎች ገበያውን ቀድመው ይዘውት ስለነበር፣ በሰባት ዓመት ውስጥ የኩባንያው የተጣራ ሀብት በ37 በመቶ ቀነሰ፤ ዘጠኝ ፋብሪካዎችም ተዘጉ።

ባፌት አክሲዮኑን መግዛት የጀመረው በ1962 ሲሆን፣ ሐሳቡ ፋብሪካ ማስተዳደር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ሲበሪ ስታንተን ፋብሪካ እየዘጋ በሚያገኘው ገንዘብ አክሲዮን መልሶ ስለሚገዛ፣ በርካሽ ገዝቶ ለራሱ ለኩባንያው አትርፎ ለመሸጥ ነበር ያሰበው። በ1964 በአክሲዮን 11 ዶላር ከ50 ሳንቲም በቃል ተስማሙ፤ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን 11 ዶላር ከ37 ሳንቲም ተኩል ይላል። በ12 ሳንቲም ተኩል ምክንያት እልህ የያዘው ባፌት መሸጡን ትቶ መግዛቱን ቀጠለ፤ በሜይ 1965 ኩባንያው በእጁ ገባ። በገዛ እልሁ የከሰረ ፋብሪካ የገዛ ባለሀብት ማየት የተለመደ አይደለም።

ፋብሪካውን እንዲመራ የተሾመው ኬን ቼስ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበሩም የኩባንያውን አቅም እያየ ከልክ ያለፈ ደመወዝ አልጠየቀም። ችግሩ ያለው በምርቱ ባሕርይ ላይ ነው። ፋብሪካው በብዛት ከሚያመርታቸው ነገሮች አንዱ የሱፍ ኮት ገበር ነበር፤ ኮት የሚገዛ ሰው ደግሞ ገበሩን ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ኩባንያ በያርድ ጥቂት ሳንቲም ወደሚቀንስለት ሁሉ ይሄዳል። ወጪ የሚቀንስ የሽመና ማሽን ሲገዛ በወረቀት ላይ አዋጭ ይመስላል፤ ተፎካካሪዎችም ያንኑ ማሽን ስለሚገዙ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ ትርፉም ለገዢው ያልፋል። በእኔ ግምት ከጨርቅ ፋብሪካ ጋር የሚሠራ ማንኛውም ባንክ ብድር ከመፍቀዱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ባፌት በ1967 ናሽናል ኢንደምኒቲ የተባለውን የኦማሃ ኢንሹራንስ በ8.6 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ኩባንያውን ያዳነው መልሶ ማዋቀር ይኸው ነው፤ ካፒታሉ ከጨርቁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ያም ሆኖ በ1975 በኒው ሃምፕሸር የሚገኘውን ዋምቤክ ሚልስን ገዝቶ ጨርቁን እንደገና ሞከረው፤ አልሆነም።

[ምስል፦ የሽመና ማሽኖች በጨረታ አዳራሽ]

በጁላይ 1985 የመዝጋት ውሳኔ ተላለፈ። 13 ሚሊዮን ዶላር የወጣባቸው መሣሪያዎች በጨረታ ያስገኙት 163,122 ዶላር ብቻ ነው። በ1981 እያንዳንዳቸው ወደ 5,000 ዶላር የተገዙ የሽመና ማሽኖች በ50 ዶላር እንኳ ገዢ አጥተው፣ በመጨረሻ በ26 ዶላር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ ይህ ማሽኖቹን ነቅሎ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ወጪ ያነሰ ነው።

ባፌት ገንዘብ ቢያፈስበት ኖሮ ይድን ነበር የሚል ካለ በርሊንግተን ኢንደስትሪስን ይመልከት። የዘርፉ ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ የነበረው በርሊንግተን ከ1964 እስከ 1985 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር በማሽንና በግንባታ ላይ አውሏል፤ ሆኖም የዋጋ ንረት ሲቀነስ ሽያጩ ከቀድሞው አንሶ ተገኘ። በኖቬምበር 2001 ከአበዳሪዎቹ የሚከላከለውን የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ፤ በ2003 ዊልበር ሮስ የተባለው ባለሀብት በ614 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት፣ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ የከሰረ አንጋፋ የጨርቅ ኩባንያ፣ ከኮን ሚልስ ጋር አዋሃደው። የኮን ሚልስ ዝነኛው የጂንስ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በግሪንስቦሮ የሚገኘው ዋይት ኦክ፣ በ2017 መጨረሻ ተዘግቷል።