ክፍል 41፦ ዋሻው ጋ ስንደርስ

እሺ… እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል። እየቀዳ ነው።

ሰላም ናችሁ? ድምፄ ከወፈረባችሁ ብርዱ ነው። ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ደብረ ብርሃን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም እያልኩ ስንት ክፍል እንዳሰለቸኋችሁ አውቃለሁ። ወንበሯም ያቺው ናት። ሲጥ ካለች እኔ አይደለሁም።

ስለ ቤት ኪራዩ ጉድ ላወራ ነበር ቃል የገባሁት። ይቆየን። አንድ ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ትንሽ ነገር ነው። እህቴ ስነግራት ሳቀች፣ ያ ሳቋን ታውቁት የለ፣ እሱን።

ኮምፒውተሩን አፀዳሁት ብዬ ጉራ ስነዛባችሁ አልነበር? ሳሎን ያለው፣ ዳንቴል የለበሰው። ሁለት ክፍል ሙሉ አወራሁላችሁ። "ኒው ፎልደር"፣ "ኒው ፎልደር 2"፣ "ኒው ፎልደር 2 ኮፒ"፣ የእህቴ ምርቃት አራት ቦታ። እህቴ ከዚያ ወዲህ "ዶክተር ፋይል" ነው የምትለኝ። በስልክ ሁሉ።

ፎቶው ላይ ብዙ አልቆይም ዛሬ። ግን ይቺን ሳልነግራችሁ ካለፍኩ ይቆጨኛል። "2000" የሚል ፎልደር አለ። እኔ ያው የሚሊኒየሙ ነው ብዬ ከፈትኩት። ግማሹ እውነትም የሚሊኒየሙ ነው፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2007 መሆኑ ነው። የቀረው ግን ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የጎረቤት በሬ አለ። ለካ የድሮዋ ካሜራ ባትሪዋ ባለቀ ቁጥር ቀኑ ይጠፋባትና ወደ ጃንዋሪ 1 2000 ትመለሳለች። እህቴ ደሞ 2000 የሚል ያየችውን ሁሉ ሚሊኒየም ብላ ከተተችው። ስለዚህ በኛ ኮምፒውተር መሰረት እኛ ቤት የሆነው ነገር ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን ነው። ሰርጉም፣ ክርስትናውም፣ በሬውም።

ሰዓቱ ደሞ! አባባ ካሜራዋን በኛ ሰዓት ነው የሞላት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያነሳውን ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 9 ነው ብሎ ያምናል። የኔ ስልክ በፈረንጁ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ በሰዓት ደርድር ስለው ጥምቀት ላይ ታቦቱ መቅደስ ገብቶ ካበቃ በኋላ እንደገና ከጥምቀተ ባህሩ ይነሳል። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ስድስት ስድስት ሰዓት ስደምር ዋልኩ። እማዬ ቡና እያፈላች ታየኝና "ያልታጠበ ፎቶ ምኑ ፎቶ ነው" አለች። አልመለስኩላትም። እሷ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የታጠበውን አልበም አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። በቴሌግራም ከላክንላት ይልቅ ያኛው እንደሚጠራ አሁን ማመን አልፈልግም። ቴሌግራም ፎቶውን ይጨፈልቀዋል፣ የተነሳበትን ቀንም ይጥለዋል፣ "ፋይል" አድርጋችሁ ካልላካችሁ በቀር። እስቲ ይሄን ለአክስቶቻችሁ ንገሩልኝ። እኔ ለኔዎቹ መንገር ሰልችቶኛል።

ምን ልል ነበር?

ሙዚቃው። አዎ።

ሙዚቃው የባሰ ነበር። "ትራክ 01"፣ "ትራክ 01"፣ "ትራክ 01"። ዘፋኙ "አንኖውን"። አንዱ ዘፋኝ ስሙ በአራት ዓይነት ስፔሊንግ ተፅፎ አራት ሰው ሆኗል። ደሞ ስልቱ ላይ ሁሉም "ብሉዝ" ይላል። የመንዝ ዘፈን ብሉዝ፣ የሰርግ ዘፈን ብሉዝ፣ እስክስታው ብሉዝ። ስፈልግ ስፈልግ ነው ያገኘሁት። የድሮው የኤምፒስሪ መለያ ስልቱን በቁጥር ነው የሚይዘው፤ ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ለብሉዝ ነው። እና የጫነው ሰው ሳይሞላ ባዶ ዜሮ ከተወው ብሉዝ ይሆናል። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ብሉዝ ሲሰማ ኖሮ ማንም አልነገረውም። (ሳቅ) እህቴ ለአንድ ሳምንት "የሸዋው ብሉዝማን" ስትለው ነበር። እሱም ምን እንደሆነ ሳይገባው አቤት ይል ነበር።

እሺ። አሁን ወደዛ ልሂድ።

አባባ አንድ ፍላሽ ነበረው። 4 ጊጋ፣ ጥቁር፣ ክዳኑ የጠፋ፣ በቁልፍ ማንጠልጠያ የታሰረ። አይሱዙውን ሳይሸጥ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ከሮቢት ሽንኩርት ሲያመላልስ፣ ታስታውሱ የለ ያ ዘመን፣ እቤት ሲገባ ጃኬቱ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል። ፍላሹ ውስጥ 38 ዘፈን ነው ያለው። 38! እኔ ያንን ባዶ ቦታ አይቼ አላስችል አለኝ። አንድ ዘፈን አምስት ሜጋ ቢይዝ ነው፣ እዛ ላይ 700 ዘፈን ይገባል እኮ። ፎርማት አደረግኩት። ቀድሜ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬዋለሁ፣ እንደዛ ደፋር አይደለሁም። ግን የገለበጥኩትን ደሞ ለዛ ለሚያደራጀው ፕሮግራም ሰጠሁት። እሱ ስሙን ያነብና እያንዳንዱን ዘፈን በዘፋኙ ፎልደር፣ ከዛ በአልበሙ ይከተዋል። ርዕሱን አስተካክሎ እንደገና ይሰይመዋል። ባዶ የቀረውን ፎልደር ይደመስሳል። ቁጭ ብዬ ሳየው ደስ ሲል! ቤት እንደመጥረግ ነው። ከዛ ከሌላውም ጨምሬ 700 ዘፈን፣ በፊደል ተራ፣ ፍላሹ ላይ ጫንኩለትና "ያው፣ ሙሉ አድርጌልሃለሁ" ብዬ ሰጠሁት። "ተባረኪ" አለኝ።

ቅዳሜ ለዝክር ወደ ደብረ ሲና ወረድን። በአጎቴ ፒክአፕ። አባባ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ፣ እማዬ ከኋላ ከድፎ ዳቦው ጋር። ፍላሹን ሰካው።

ከቤት ስንወጣ የመጀመሪያው ዘፈን ሲመጣ ትንሽ ቴፑን አየት አደረገው። በቃ አየት ነው። ምንም አላልኩም። ቀጣዩ መጣ። ያኛውም ያው ዘፋኝ ነው፣ ቀጣዩም ያው ዘፋኝ፣ በፊደል ተራ ነዋ! ጉዶ በረት ድረስ አንድ ሰውዬ ሲዘፍንብን ሄድን። እማዬ "ይሄ ሰውዬ አይደክመውም?" አለች። ሳቅን። አባባም ሳቀ። እንደሳቀ እርግጠኛ ነኝ።

ከዛ ጣርማ በር። ያ ጉም ታውቁታላችሁ፣ ፊት ለፊት ያለ መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚመጣው። ዋሻው ጋ ልንደርስ ስንል አባባ አንድ ነገር አደረገ፣ እኔ ያኔ አላስተዋልኩትም፣ አሁን ነው የማየው። ድምፁን ከፍ አደረገ። ሳይጀምር ማለት ነው። ያለው ዘፈን እያለቀ ነበር፣ ዝም ሲል፣ በሁለቱ ዘፈን መሃል ባለችው ክፍተት፣ እጁን ዘርግቶ ከፍ አደረገው። እንግዳ ሊቀበል በር እንደሚከፍት ሰው። እና መጣ። የመጣው ያ የምሽት ቤት ዘፈን ነው፣ እኔ ራሴ የጨመርኩት፣ ዱም ዱም ዱም የሚለው፣ ከፍ ብሎ፣ ዋሻው ውስጥ። እማዬ "በስመ አብ!" አለች።

አባባ አጠፋው። አልቀነሰውም። አጠፋው። አጥፍቶ ሁለት እጁን መሪው ላይ መለሰ።

ዋሻውን በዝምታ ሄድን። ጣሊያን በያዘን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው፣ የተፈለፈለ ዋሻ ነው፣ ስንቴ አልፌበታለሁ፣ እንደዛ ረዝሞብኝ አያውቅም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ። ወጣን። ቁልቁለቱን ጀመርን። "ጉሙ ዛሬ ሳስቷል" አለ። ይሄው ነው። ሌላ ምንም አላለም። ጉሙ ደሞ አልሳሳም ነበር እኮ።

ዝክሩ ጥሩ ነበር፣ ጠላው በተለይ። ስንመለስ ቴፑን አልከፈተውም። የደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን እሱን ስንቆረጥም መጣን። እኔ አንድም ዘፈን ትዝ ሳይለኝ ቤት ገባሁ።

ሌሊት ነው የመጣብኝ። ተኝቼ ሳሰላ። 38 ዘፈን። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዱ ስድስት። ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ከደብረ ብርሃን ሮቢት በጭነት መኪና፣ በዛ ዘመን መንገድ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ… ሦስት ሰዓት ከምናምን።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

እነዛን ዘፈኖች የጫነለት አንድ ዘፈን ቤት የነበረ ልጅ ነው፣ አንድ በአንድ፣ "ይሄን፣ ቀጥሎ ይሄን" እያለ። እኔ ትንሽ ሆኜ አብሬው ቆሜ ሲያዘው አስታውሳለሁ፣ ሰልችቶኝ ሱሪውን ስጎትት። ለምን በተራ እንደሚያስጭን አስቤ አላውቅም። እና እነዛ ርካሽ የመኪና ቴፖች፣ ይሄንን ደሞ ያወቅኩት አሁን ሳነብ ነው፣ ብዙዎቹ በፊደል ተራ አይደለም የሚያጫውቱት። ፍላሹ ላይ ቀድሞ የተፃፈውን ነው ቀድመው የሚያጫውቱት። ስሙ ምንም ይሁን ምን። ስለዚህ ተራው የትም አልተፃፈም። ስሙ ላይ የተራ ቁጥር የለም፣ ርዕሱም ሁሉም "ትራክ 01" ነው፣ አላልኳችሁም? የተራው መዝገብ ፍላሹ ራሱ ነበር።

ያንን ነው ፎርማት ያደረግኩት።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩ እንዴ? ሞከርኩ። ፎርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይገኝ ነበር፣ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ዕቃው አለ። እኔ ግን በላዩ ላይ 700 ዘፈን ጫንኩበት! ባዶ ቦታ እንዳይቀር ተጠንቅቄ! የወጣልኝ ያው ራሴ የጫንኩት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ደሞ ቀኑም ተቀይሯል፣ ውስጡ ያለውን መለያ ሳስተካክል ሁሉም የተሻሻሉበት ቀን አንድ ማክሰኞ ሆኗል። ዘፈኖቹ አሉ። ሠላሳ ስምንቱም አሉ፣ አንድ አልጠፋም፣ ንፁህ፣ ዘፋኙ በትክክል ተፅፎ፣ ብሉዝ የሚለውም ወጥቶለት።

እህቴ የሳቀችው እዚህ ጋ ነው። "ጠይቂዋ ታዲያ" አለችኝ። "ወረቀት ይዘሽ ቁጭ በይ፣ አንደኛ ማነው፣ ሁለተኛ ማነው በይው።" ልክ ናት። ትናንት ጠየቅኩት። በዘዴ ነው ያልኩት፣ እሱ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ "አባባ፣ በፊት ዋሻው ጋ ስትደርስ የትኛው ነበር የሚመጣው?" አልኩት።

"የቱ ዋሻ?" አለኝ።

"ጣርማ በር ነዋ።"

ትንሽ ቆየ። "እንጃ ልጄ፣ ዝም ብሎ ይመጣ ነበር" አለኝ።

እና አላውቅም። ምናልባት እውነትም ዝም ብሎ ይመጣ ነበር። ምናልባት ያ ሦስት ሰዓት ከምናምን የኔ ስሌት ነው፣ እኔ ደሞ ከአምስት ቁጥር ታሪክ መስራት እወዳለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። ያን ቀንም ያጠፋው በጉሙ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ሰው ጉም ውስጥ ሲገባ ሬዲዮ ይቀንስ የለ፣ በደንብ ለማየት። ሰው ለማየት ድምፅ ይቀንሳል፣ ይገርመኛል ሁሌ። ግን እሱ ከፍ ነበር ያደረገው። መጀመሪያ ከፍ አደረገ። እሱን እኮ ነው ማለፍ ያቃተኝ። የሚያውቀው ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ነበር። እጁ ያውቅ ነበር።

ደሞ ተናደድኩ መሰለኝ። በሱ ማለቴ ነው። ተናገር እንዴ! "ምን አደረግሽብኝ" በል። ለሽንኩርት ነጋዴ ሲጮህ ሰፈር የሚሰማ ሰው ለኔ ሲሆን ተባረኪ። እኔ ምን ላድርግ በሱ ተባረኪ?

…ይቅርታ። ወንበሯ ናት።

በነገራችን ላይ ፎቶዎቹን አልነካኋቸውም ከዛ ወዲህ። ያ "2000" ፎልደር እንዳለ ነው። በሬውም እዛው ነው። ልከፍተው እልና እተወዋለሁ። ባክአፕ አድርጊው ብላችሁ ልትፅፉልኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሁለት ቦታ አለኝ፣ ሦስተኛውን አክስቴ ቤት አስቀምጣለሁ። እሱ አይደለም ነገሩ። ሁለት ቦታ የተቀመጠው ያው የተደራጀው ነው።

ፍላሹ አሁን የት እንዳለ ታውቃላችሁ? አጎቴ መኪና ላይ፣ እንደተሰካ። አልነቀለውም። ዛሬ ጠዋት ሮቢት ሲወርድ አየሁት፣ ማንጎ ሊያመጣ፣ ቴፑን ሬዲዮ ላይ አድርጎ ዜና እየሰማ ወጣ። ሬዲዮ ደሞ ዋሻው ውስጥ ይቆራረጣል አይደል፣ ሺሺሺ ይላል፣ ያኔ እንግዲህ ወይ ያጠፋዋል፣ ወይ… እንጃ፣ ወይ ራሱ ያንጎራጉረው ይሆናል። ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም እኮ። እኔ በሌለሁበት ግን…