ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ራሙን ጠርጥሩ

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁት እስቲ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ ማይኩ እንደምትሰሙት ነው። የፖሊ ልጆች ትበዛላችሁ መሰለኝ፣ ከፔዳም አላችሁ፣ ከሽምብጥ የመጣችሁም አያለሁ። እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ሻይ መጠጣት እየቻላችሁ ስለ ራም ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ጤና አይመስለኝም፣ ግን አመሰግናለሁ።

ነገሬ አንድ ነው። ዕቃ በዕቃ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ያለ ምክንያት ሲያስቸግራችሁ ቶሎ ፎርማት አታድርጉት፣ መጀመሪያ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሰራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ፣ ጠርጥሩት። እዚህ ባሕር ዳር ኮምፒውተሬ ተበላሸ ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው አይደል? ዘገየ፣ ፎርማት። ጌም መሃል ላይ ወጣብኝ፣ ፎርማት። ብሉ ስክሪን፣ ፎርማት። ከዛ ፎርማት ተደርጎ ሳይሰነብት ያው ነገር ይመለሳል፣ በቃ ሃርድ ዲስኩ ነው ይባልና አዲስ ኤስኤስዲ ይገዛል፣ እሱም አልሆን ሲል ፓወር ሰፕላዩ ይቀየራል፣ ራሙ ግን ማንም ሳይነካው እዛው ቁጭ ብሎ ያያል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ኮምፒውተሩ የሚሰራው ነገር ሁሉ ራም ላይ ስለሚያልፍ ነው። ዊንዶውሱ እዛ ነው ያለው፣ የከፈታችሁት ፋይል እዛ ነው፣ ዕቃዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩም እዛ ነው። አንዷ ቢት፣ 0 ወይ 1 ብቻ የምትይዘው ትንሿ ቁራጭ፣ ከ0 ወደ 1 ከተገለበጠች የሚጎዳው በዛች ሰዓት እዛች ቦታ ላይ የተቀመጠው ነገር ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ክሮም ከነበረ ክሮም ይዘጋል፣ ነገ የግራፊክስ ድራይቨር ከነበረ ብሉ ስክሪን ይመጣል። ፎቶ እየገለበጣችሁ ከነበረ ደሞ ምንም አይላችሁም፣ ፎቶው ተበላሽቶ ይቀመጣል፣ የምታውቁት ከዓመት በኋላ ስትከፍቱት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ብሉ ስክሪኑ ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ምልክቱ ታዲያ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ኤረሩ በየጊዜው መልኩን ይቀይራል። አንዴ ሜሞሪ ማኔጅመንት ይላል፣ አንዴ ፔጅ ፎልት ይላል፣ አንዴ ዝም ብሎ ሪስታርት ያደርጋል። ዚፕ ፋይል ስትፈቱ ሲአርሲ ኤረር፣ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ይላችሁና እንደገና ስትሞክሩት ይፈታል። ዊንዶውስ ስትጭኑ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ ሊያልቅ ሲል ይቋረጣል። የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያስቸግረው፣ የራም ምልክት ግን ቦታ አይመርጥም።

ይሄ ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉግል ሰርቨሮቹ ላይ ያጠናውን በ2009 ሲያወጣ በዓመት ውስጥ ኤረር የታየባቸው ራሞች ከ8 በመቶ በላይ ነበሩ። እነሱ ያወቁት ራማቸው ኢሲሲ ስለሆነ ነው፣ ስህተቱን ራሱ ይይዛል፣ ይመዘግባል። የእኔና የናንተ ራም እንደዛ የለውም፣ ሲሳሳት ዝም ነው።

እሺ ወደ ስራው። ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ኤክስኤምፒ የሚለውን አጥፉት፣ ኤኤምዲ ላይ ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ትውልድ ከሆነ ኤክስፖ ይላችኋል። ካርቶኑ ላይ 3600 የሚል ዲዲአር4 ራም 3600 የሚሄደው ይሄ ሲበራ ነው፣ ቮልቴጁም ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል፣ ኦቨርክሎክ፣ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ማለት ነው በአጭሩ። አጥፍታችሁት ችግሩ ከጠፋ ራሙ ሞቶ ላይሆን ይችላል፣ ያ ፍጥነት ለማዘርቦርዱ ወይ ለሲፒዩው ከብዶት ነው፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ መኖር ትችላላችሁ፣ ጌሙ ላይ ልዩነቱን ብዙም አታዩትም። አራት ራም የሰካችሁ ደሞ ከሁለት በላይ ይከብደዋል፣ ይሄን እወቁት።

ችግሩ ካልጠፋ ኮምፒውተሩን አጥፉት፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ፣ ከዛ ራሞቹን አውጥታችሁ አንዱን ብቻ መልሱ። አንድ ብቻ! ሁለቱን ባንዴ አጸዳድታችሁ ባንዴ መልሳችሁ "ሰራ" ብትሉ የቱ እንደነበረ አታውቁትም። የራሙ መሰኪያ፣ ስሎቱ፣ አራት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛው ነው የሚመረጠው፣ ኤ2 የሚል ተጽፎበታል፣ ማኑዋሉን እዩ። ስትሰኩ የራሙን ክፍተት ከስሎቱ ጥርስ ጋር አስተካክሉ፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ቦታው ይለያያል፣ አልገባ ካለ በግድ አትጫኑት። ሲገባ ቀጭ ይላል፣ ያ ቀጭ ካልተሰማ አልገባም፣ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ብድግ ያለ ራም ስንቱን ያስለቅሳል መሰላችሁ።

የወርቅ እግሮቹን ደሞ እዩዋቸው። ወርቁ አይዝግም፣ ግን የጣት ላብ እና አቧራ ይይዘዋል፣ ጣና ዳር ደሞ ክረምት ሲገባ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ ማታ መብራት አይተው የሚመጡት ትንንሽ ነፍሳትም ኬዝ ውስጥ ገብተው ይሞታሉ፣ ስሎት ውስጥ ሁሉ ይገኛሉ። በላጲስ የምትፈትጉ አላችሁ፣ እኔ አልወደውም፣ ወርቁ ስስ ነው፣ የላጲሱ ፍርፋሪም ይቀራል። ጠንከር ያለ አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹህ ጨርቅ፣ ከዛ በደንብ ይድረቅ። አረቄ አይሆንም፣ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው።

አሁን ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለውን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ በሱ አስነሱት። ነጻ ነው፣ ከ2022 ወዲህ ያለው ቨርዥን በባዮስ ፈንታ ዩኢኤፍአይ የሚጠቀሙትን አዳዲስ ማሽኖችም ይቀበላል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው መመርመሪያ ለመጀመሪያ ያህል ጥሩ ነው፣ ግን ችግር የለም ቢላችሁ አትመኑት። ሜምቴስት ራሙ ላይ ይጽፍና መልሶ ያነባል። 00000000 ጽፎ 00000040 ሆኖ ካነበበው በቀይ መስመር አድራሻውን ጭምር ያወጣላችኋል። ያቺ 4 የተገለበጠች አንዲት ቢት ናት። ደጋግሞ እዛው አድራሻ አካባቢ ያቺው ቢት ከመጣች ራሙ ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ሞቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ስንት ኤረር ይፈቀዳል የሚል ጥያቄ ይመጣል ሁልጊዜ፤ ዜሮ ነው፣ አንድም አይፈቀድም።

ችግሩ ጊዜ ይፈጃል። ራሙ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ነው፣ አንድ ዙር አይበቃም፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት፣ ስለዚህ ማታ ለቃችሁት ተኙ። ማታም መብራት ይሄዳል አትበሉኝ፣ አውቃለሁ። ሲሄድ ግን ነቅላችሁ ጠብቁ፣ ሲመለስ ኃይሉ ዘሎ ሊመጣ ይችላል፣ ጤነኛውንም ያበላሽባችኋል።

አንዱ ራም ቀይ መስመር አወጣ እንበል። ወዲያው አትጣሉት። ያንኑ ራም ሌላ ስሎት ላይ፣ ሌላውን ራም እዛ ስሎት ላይ ሞክሩ። ቀዩ ከራሙ ጋር ከዞረ ራሙ ነው። ቀዩ ስሎቱ ላይ ከቀረ ግን ራም አትግዙ። ራሙን የሚያዘው ሜሞሪ ኮንትሮለር ድሮ ማዘርቦርድ ላይ ነበር፣ ኤኤምዲ በ2003 ከአትሎን 64 ጋር፣ ኢንቴል ደሞ በ2008 ወደ ሲፒዩው አስገቡት፣ ስለዚህ የሲፒዩ ሶኬት ላይ የተጣመመች አንዲት ፒን፣ ወይ አለቅጥ የጠበቀ የኩለር ብሎን አንዱን ስሎት ሊገድል ይችላል። ኩለሩን ፈታ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ሲፒዩውን አውጥታችሁ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። ዲዲአር5 ያላችሁ ደሞ ራም ቀይራችሁ መጀመሪያ ስታበሩት ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ቢሆን አትደንግጡ፣ ማሽኑ ራሙን እያለማመደ ነው፣ መሃል ላይ አታጥፉት።

ያገለገለ ራም ስለምትገዙ ልጆች አንድ ነገር። ልንገዛ ስንል ዋጋው ላይ ብቻ ነው የምንከራከረው፣ ከዋጋው ይልቅ ፈትሼ ልመልስ የምችልበት ቀን ስጠኝ ብላችሁ ተከራከሩ፣ እምቢ ካለ ሂዱ። የሞተ ራም ያላችሁ ደሞ እባካችሁ ለሌላ ልጅ አትሽጡት፣ በማርከር ኤክስ አድርጉበት።

እኔ ጨርሻለሁ። የሚያስቸግር ማሽን ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻይ በኋላ እዛ ጠረጴዛ ላይ አምጡት፣ ባዶ ፍላሽ ያላችሁ ሜምቴስቱን እጭንላችኋለሁ። ሶኬቱ ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ ማከፋፈያ ያለው ሰው ካለ ያምጣልን።